የራስ ቅማል ለምን ተመልሶ ይመጣል?

«መድኃኒቱን ቀባናት፤ ለጥቂት ቀን ጠፍቶላት ነበር፤ አሁን ግን ያው ተመልሶ መጣ።» ልጃቸውን የራስ ቅማል የያዘባቸው ወላጆች መድኃኒት ቤት ሄደው ደጋግመው የሚናገሩት ይህንኑ ነው። አንዱ መድኃኒቱን፣ ሌላው የጎረቤት ልጅን፣ ሦስተኛው የገዛ ልጁን ንጽሕና ይጠራጠራል። ብዙውን ጊዜ ግን ስሕተቱ ያለው በቀን አቆጣጠር ላይ ነው፤ ቅማሉ የሚያድግበት ጊዜና መድኃኒቱ የተደገመበት ጊዜ አልተገናኙም። ስለዚህ ነገሩን ለመረዳት መጀመር የሚገባው ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከተባዩ ኑሮ ነው።

የራስ ቅማል ምን ዓይነት ተባይ ነው?

የራስ ቅማል በሰው ራስ ፀጉር ውስጥ ብቻ የሚኖር፣ ክንፍ የሌለው፣ ባለ ስድስት እግር ደም መጣጭ ተባይ ነው። ሙሉ ዕድገቱን የጨረሰው ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን በዓይን ይታያል፤ ነገር ግን ብርሃን ሲያይ ፈጥኖ ስለሚሸሽና ቀለሙም ከፀጉሩ ጋር ስለሚመሳሰል አድኖ ማግኘቱ ቀላል አይደለም። በእያንዳንዱ እግሩ ጫፍ ያለው ቆልማማ ጥፍር የፀጉርን ዘንግ ለመጨበጥ የተመቸ ነው። በዚህም ምክንያት በፀጉር ላይ ሲሆን ቀልጣፋ፣ ልሙጥ ነገር ላይ ሲወድቅ ደግሞ አቅመ ቢስ ይሆናል። በቀን ብዙ ጊዜ ደም መጠጣት ስላለበት ከራስ ላይ ከወረደ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል።

ሴቷ ቅማል አንድ ወር ያህል የምትኖር ሲሆን በቀን እስከ 8 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ቅጫም የምንለው ይህንን እንቁላል ነው። እያንዳንዱን ቅጫም ለራስ ቆዳ በጣም ቀርቦ በሚገኘው የፀጉር ክፍል ላይ ታጣብቀዋለች፤ ምክንያቱም እንቁላሉ ለመፈልፈል የራስ ቆዳን ሙቀት ይፈልጋል። የምታጣብቅበት ሙጫ በውሃም በሳሙናም አይለቅም። ከእንቁላሉ የሚወጣው ግልገል ሦስት ጊዜ ቆዳውን እየቀየረ ያድጋል፤ ከዚያም እርሱ በተራው ይራባል።

ቅማል የሚመጣው ንጽሕና ከማጣት ነው?

የራስ ቅማልን በተመለከተ መልሱ አይደለም የሚል ነው። ቅማሉ የሚፈልገው ደምና ሙቀት ስለሆነ የታጠበ ራስም ያልታጠበ ራስም ለእርሱ አንድ ነው። በውሃ ውስጥ ለሰዓታት ትንፋሹን ዘግቶ መቆየት ስለሚችል በየቀኑ መታጠብ ብቻውን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ፀጉሩ ሲረጥብ ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። ድህነትም ቢሆን ዋናው ምክንያት አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ለኪሶ በሚላት ጥንታዊት ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ፣ በዛሬዋ እስራኤል፣ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ አንድ ትንሽ ሚዶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ እንደሆነው በሚዶው ላይ በከነዓናውያን ፊደል የተቀረጸው ዓረፍተ ነገር ሚዶው የፀጉርንና የጢምን ቅማል እንዲነቅል ይመኛል፤ ዕድሜውም 3,700 ዓመት ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል። በዚያ ዘመን የዝሆን ጥርስ ከሩቅ አገር የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለነበር የሚዶው ባለቤት ችግረኛ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

ታዲያ እንዴት ይተላለፋል? ቅማል አይዘልም፣ አይበርም፤ የሚዘለው ቁንጫ ነው። የራስ ቅማል በእግሩ እየተጓዘ ከአንድ ፀጉር ወደ ሌላ ፀጉር ይሻገራል፤ ለዚህም ሁለት ራሶች መነካካት አለባቸው። በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነው አንድ መጽሐፍ ላይ ያጎነበሱ ተማሪዎች፣ በአንድ አልጋ የሚተኙ እኅትማማቾች፣ በአንድ ስልክ ቪዲዮ ለማየት ራስ ለራስ የገጠሙ ልጆች ለቅማል በቂ ድልድይ ናቸው። በሚዶ፣ በሻሽ፣ በኮፍያ ወይም በትራስ በኩል መተላለፍ ይችላል፤ ግን ይህ መንገድ ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ነው። ከውሻና ከድመት ወደ ሰው አይመጣም፤ የሰው የራስ ቅማል በእንስሳት ላይ አይኖርም።

የልጆች መያዝ ከአዋቂዎች የሚበዛውም በዚሁ መቀራረብ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ከ3 እስከ 11 ዓመት ባሉ ልጆች መካከል ብቻ በየዓመቱ ከ6 እስከ 12 ሚሊዮን የሚደርሱ ልጆች እንደሚያዙ ይገመታል፤ ስለዚህ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከልጃቸው ትምህርት ቤት ስለ ቅማል የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ቤታቸው እንደ ተዋረደ ሊቆጥሩት አይገባም።

ማሳከኩ ለምን ዘግይቶ ይመጣል?

ቅማል ደም ሲጠጣ ከምራቁ ጥቂት ወደ ቆዳው ያስገባል፤ የሚያሳክከውም ሰውነት ለዚህ ምራቅ የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘ ሰው ላይ ይህ ምላሽ ለመፈጠር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ይህ ማለት አንዲት ልጅ ራሷን ማከክ በጀመረችበት ቀን ቅማሉ ከእርሷ ጋር አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ ምናልባትም ወደ ታናሽ ወንድሟ ተሻግሮ ይሆናል ማለት ነው። «ትናንት ከማን ጋር ተጫወትሽ?» ብሎ መመርመር ብዙም የማይጠቅመው ለዚህ ነው።

መኖሩን እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

ማከክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፎረፎርም ያሳክካል፤ ቆረቆርም ያሳክካል። ፎረፎር በጣት ሲነኩት ይረግፋል፤ ቅጫም ግን በሁለት ጥፍር ይዘው እስኪስቡት ድረስ ካለበት አይንቀሳቀስም። ቆረቆር ደግሞ ፀጉሩን ከቦታ ቦታ የሚያሳሳ የፈንገስ በሽታ ስለሆነ ሐኪም የሚያዝዘው የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ በቅማል መድኃኒት አይድንም።

ፍለጋው በቀን ብርሃን፣ ደጃፍ ላይ ወይም መስኮት አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። ከጆሮ ኋላና ከማጅራት በላይ ያለው ፀጉር ቅጫም የሚበዛበት ቦታ ስለሆነ ከዚያ መጀመር ይገባል። ሕይወት ያለው ቅጫም ቡናማ ወይም ቢጫማ ሲሆን ከራስ ቆዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጨውና ከቆዳው ርቆ የሚታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተፈለፈለ ባዶ ቅርፊት ነው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ቅርፊቱ ከፀጉሩ ጋር አብሮ ወደ ጫፍ ይጓዛል። ስለዚህ ሁለት ጣት ርቆ የተገኘ ነጭ ቅጫም የድሮ ታሪክ ነው፤ ለሕክምና የሚያበቃው ተንቀሳቃሽ ቅማል መገኘቱ ነው። እርሱን ለማግኘት ደግሞ ከዓይን ይልቅ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ሚዶ ይሻላል፤ የረጠበውን ፀጉር ከሥሩ እስከ ጫፉ እያበጠሩ በየጊዜው ሚዶውን ነጭ ጨርቅ ላይ መጥረግ ነው።

ከታከመች በኋላ ለምን ተመለሰባት?

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በብዛት የሚሸጠው የቅማል መድኃኒት፣ አንድ በመቶ ፐርሜትሪን ያለበት ቅባት፣ የሚንቀሳቀሰውን ቅማል ይገድላል፤ በእንቁላሉ ቅርፊት ውስጥ ያለውን ግን አይነካም። መድኃኒቱ በተቀባ ማግስት ራሱ ጸጥ ይላል፤ ቤተሰቡም ተገላገልን ይላል። ቅጫሙ ግን ከ6 እስከ 9 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ግልገል ለመራባት ከ7 እስከ 12 ቀን ያህል ያስፈልገዋል። ከእንቁላል ተነሥቶ እንደገና እንቁላል እስኪጣል ድረስ ያለው ዑደት ወደ ሦስት ሳምንት ይጠጋል ማለት ነው።

በዚህ ስሌት መሠረት ሁለተኛው ሕክምና የሚያርፍበት ጠባብ መስኮት አለ። በሦስተኛው ቀን ቢደገም ቅጫሙ ገና ስላልተፈለፈለ መድኃኒቱ ይባክናል። በሃያኛው ቀን ቢደገም ደግሞ ግልገሎቹ አድገው አዲስ እንቁላል መጣል ጀምረዋል። በዘጠነኛው ቀን ገደማ ቢደገም ግን አብዛኛው ቅጫም ተፈልፍሎ፣ አንዱም ለመራባት ሳይደርስ ይገኛል። ገበሬ ጤፉን አንድ ጊዜ አርሞ እንደማይተወው ያለ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው አረም ጊዜ መሬት ውስጥ የነበረው ዘር በኋላ ይበቅላልና ለሁለተኛ ጊዜ የሚያርመው አዲሱ አረም ከበቀለ በኋላ፣ ዘር ከማፍራቱ በፊት ነው።

ሁለተኛው የመመለስ ምክንያት ከአንድ ቤት አንዱን ብቻ ማከም ነው። የልጅቷ ራስ ሲጸዳ ከእርሷ ጋር የሚተኛው ወንድሟ ካልታየ ቅማሉ በሳምንት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁሉም የቤት ሰው በአንድ ቀን መታየት፣ ቅማል የተገኘባቸው ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለባቸው። ያልተገኘበትን ሰው «ለማንኛውም» ብሎ መቀባት ግን አስፈላጊ አይደለም።

ሦስተኛው አጠቃቀሙ ነው። ፐርሜትሪን የሚቀባው በተራ ሻምፖ ታጥቦ በፎጣ በደረቀ ፀጉር ላይ ሲሆን አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል። ኮንዲሽነር ቀድሞ ከተቀባ መድኃኒቱ በሚገባ አይያዝም፤ ቅቤ የተቀባ ፀጉርም አስቀድሞ ተጣርቶ መታጠብ ይኖርበታል። ከሕክምናው በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ራስን አለመታጠብም ያስፈልጋል። ከ8 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ሲታይ ቅማሉ ሞቶ ወይም ተዳክሞ ከተገኘ ሥራው ተጀምሯል። አንድም የሞተ ሳይኖር ሁሉም እንደ ድሮው የሚሯሯጥ ከሆነ ግን ተባዩ መድኃኒቱን ተላምዶታልና ያንኑ ደጋግሞ መቀባት ትርፉ ቆዳን ማቃጠል ነው።

ሌላ ምን አማራጭ አለ?

ፐርሜትሪን ለብዙ ዓመታት በስፋት ስላገለገለ በብዙ አገር ቅማሉ መቋቋሙን ለምዷል። ዳይሜቲኮን የሚባለው የሲሊኮን ፈሳሽ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ የተባዩን ነርቭ ከመመረዝ ይልቅ ሰውነቱን ሸፍኖ ይገድለዋል፤ ስለዚህ ቅማሉ በቀላሉ ሊላመደው አይችልም። በሐኪም ምክር የሚሰጥ አይቨርሜክቲንም አለ። ከሁለት ወር በታች ለሆነ ሕፃንና ለነፍሰ ጡር ሴት ማንኛውንም መድኃኒት ከመቀባት በፊት የጤና ባለሙያ መጠየቅ ግድ ነው።

ያለ መድኃኒት በሚዶ ብቻ ማጥፋትም ይቻላል፤ በእኔ እምነት ትዕግሥቱ ላለው ቤተሰብ እንዲያውም አስተማማኙ ይህ ነው። ፀጉሩ ይታጠባል፣ ኮንዲሽነር በብዛት ይቀባል፣ በአራት ወይም ከዚያ በላይ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል በጥቅጥቅ ሚዶ ከራስ ቆዳ እስከ ጫፍ ይበጠራል። ይህ በየሦስት ቀኑ ለሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ፣ ምንም ቅማል መታየት እስኪያቆም ድረስ ይቀጥላል። በጣም ጥቅልል ባለ ፀጉር ላይ ጥቅጥቁ ሚዶ በቀላሉ ስለማይገባ ክፍሎቹ ትናንሽ፣ ቅባቱም ብዙ መሆን አለበት። ወንድ ልጅን መላጨት ነገሩን በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ ሴት ልጅን ግን ፈቃዷ ሳይሆን መላጨት ከቅማሉ የከፋ ኀፍረት ሊያተርፍላት ይችላል፤ አስፈላጊም አይደለም።

ቅቤስ? ቅቤ ቅማሉን አፍኖ እንደሚገድል ብዙ ሰው ያምናል፤ ነገር ግን ለሰዓታት ሳይተነፍስ የሚቆይን ተባይ በዚህ መንገድ ማጥፋቱ አስተማማኝ አይደለም። የቅቤው ጥቅም ፀጉሩን አልስልሶ ሚዶውን ማስገባቱ ላይ ነው።

ላምባና ፍሊት ግን ፈጽሞ የተለየ ጉዳይ ናቸው። ላምባ የራስ ቆዳን ያቃጥላል፣ ሽታው ሳንባን ይጎዳል፣ እሳት በሚነድበት ማዕድ ቤት አጠገብ ደግሞ ልጅን በአንዴ የሚያጠፋ አደጋ ነው። ለቤት ተባይ የሚነፋው ፍሊትና እህል እንዳይነቅዝ ጎተራ ውስጥ የሚነሰነሰው ማላታዮን ለሰው ቆዳ አልተሠሩም፤ በመድኃኒት ቤት ለቅማል የሚሸጥ የማላታዮን ቅባት በአንዳንድ አገር መኖሩ የእርሻውን ዱቄት መድኃኒት አያደርገውም፤ መጠኑም አብሮት የተቀላቀለውም ነገር ይለያያል። አዛውንቶች ዲዲቲ በሚባለው ፀረ ተባይ መርዝ ላይ ያላቸው እምነትም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1943 መጨረሻና በ1944 መጀመሪያ በኢጣሊያዋ ኔፕልስ የተነሣው፣ በልብስ ቅማል የሚተላለፈው የተስቦ በሽታ የቆመው ሕዝቡን በገፍ ዲዲቲ በመንፋት ጭምር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በኮሪያ ጦርነት ወቅት ዲዲቲ የማይገድለው የልብስ ቅማል ታየ።

ሹሩባ፣ ቤትና ትምህርት ቤት

ሹሩባ ፀጉርን ሰብስቦ ስለሚይዝ የራስ ለራስ ንክኪን ይቀንሳል። ችግሩ አንዴ ከተሠራ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሳይፈታ መቆየቱ ነው፤ ይህ ደግሞ ከላይ ካየነው የቅማል ዑደት ጋር እኩል ነው። በሹሩባው መሥመሮች መካከል የሚታየውን ቆዳና ከጆሮ ኋላ ያለውን ፀጉር በየሳምንቱ ማየት፣ ሲፈታ ደግሞ ወዲያው መልሶ ከማሠራት በፊት በጥቅጥቅ ሚዶ ማበጠር ይበጃል። ሹሩባ ሠሪዋም ለሁሉም ደንበኛ በአንድ ሚዶ የምትጠቀም ከሆነ የራስን ሚዶ ይዞ መሄድ ነውር የለውም።

ቤትን በተመለከተ ብዙ ድካም አያስፈልግም። ካለፉት ሁለት ቀናት ወዲህ ልጅቷ የተጠቀመችባቸውን አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ሻሽና ፎጣ በሙቅ ውሃ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ ሚዶዎቹን ለአሥር ደቂቃ ያህል በጣም በሞቀ ውሃ መዘፍዘፍ ይበቃል። የማይታጠበውን በፌስታል ቋጥሮ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይቻላል። ፍራሽና ሶፋ ላይ መርዝ መንፋት ግን ቅማሉ በሌለበት ቦታ ቤተሰቡን መመረዝ ነው።

ተማሪን ከክፍል ማስወጣትም ጥቅሙ አይታይም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ጤነኛ ልጅ በቅማል ወይም በቅጫም ምክንያት ከትምህርት ሊቀር እንደማይገባ ይመክራል፤ አመክንዮውም ልጁ ቅማሉን ለሳምንታት ይዞት ስለቆየ የዚያን ዕለት ወደ ቤት መላኩ የሚከላከለው ነገር አለመኖሩ ነው። በእኛ አገር ጠዋት ሰልፍ ላይ ጥፍርና ፀጉር የሚያይ መምህር ቅማል ሲያገኝ በልጆች ፊት ከመናገር ይልቅ ወላጅን ለብቻ ቢያስጠራ መልካም ነው፤ «ቅማላም» የተባለ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ እያሳከከው ዝም ይላልና።

ቅማል በሽታ ያስተላልፋል?

እዚህ ላይ ሁለቱን ቅማሎች መለየት ያስፈልጋል። የራስ ቅማልና የልብስ ቅማል የአንድ ዝርያ ሁለት ወገኖች ናቸው። የራሱ ቅማል የሚኖረውም እንቁላል የሚጥለውም ፀጉር ላይ ነው። የልብሱ ቅማል ግን በልብስ ስፌት ውስጥ ይኖራል፣ እዚያው ቅጫሙን ይጥላል፣ ደም ለመጠጣት ብቻ ወደ ገላ ይወጣል። ስለዚህ የልብስ ቅማል በእርግጥም ልብስ ከመቀየርና ከማጠብ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለራስ ቅማል የወጣው መጥፎ ስም አመጣጡ ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ተስቦንና ግርሻን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። ቻርልስ ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ ቱኒስ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1909 አሳይቶ በ1928 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ግርሻ ደግሞ ስሙ እንደሚናገረው ለቀናት የሚያቃጥል ትኩሳት ከተወ በኋላ ተመልሶ የሚያገረሽ በሽታ ሲሆን፣ በቅማል የሚተላለፈው ዓይነት እስከ ዛሬ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ይታያል። በተለይ በክረምት ሰዎች ተጠጋግተው በሚያድሩባቸው ቦታዎች፣ በጎዳና ተዳዳሪዎች፣ በቀን ሠራተኞችና በቆሎ ተማሪዎች መካከል ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ በሜዲትራኒያን በኩል አውሮፓ በገቡ ስደተኞች ላይም ተገኝቷል። ልብሱ ላይ ቅማል ያለበትና በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሰው በቤት መታከም የለበትም፤ በሽታው በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው መድኃኒት በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ሕይወትን የሚያሰጋ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል በጤና ተቋም ክትትል ያስፈልጋል።

የራስ ቅማል እነዚህን በሽታዎች ወደ ሰው እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም። ዋናው ጉዳቱ በማከክ የተቆሰለው ቆዳ መመርቀዙ ነው፤ ማጅራት ላይ ቅርፊትና መግል ከታየ፣ አንገት ላይ ዕጢ ካበጠ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ይሁን እንጂ ከኢትዮጵያ በተሰበሰቡ የራስ ቅማሎች ውስጥ የግርሻ ባክቴሪያ ምልክት እንደተገኘ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ጽፈዋል። ባክቴሪያው በቅማሉ ውስጥ መገኘቱና ወደ ሰው መተላለፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ቢሆኑም አንድ የቆየ ልማድን እንድናስብበት ያደርጋል። የግርሻ ባክቴሪያ ወደ ሰው የሚገባው ቅማሉ ሲነክስ ሳይሆን ሲጨፈለቅ ነው፤ ከተጨፈለቀው ቅማል የሚወጣው ፈሳሽ በተጫረ ቆዳ ወይም በታሸ ዓይን በኩል ይገባል። ልጅን ጭን ላይ አስተኝቶ እየቀመሉ የተገኘውን ሁሉ በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መካከል ማፍረጥ ስለዚህ የሚመከር አይደለም። በሚዶ የወጣውን ቅማል የሞቀ የሳሙና ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ እያራገፉ መድፋት፣ ሲጨርሱም እጅን በሳሙና መታጠብ ይሻላል።